«ምንን ይመስላል?» ብሎ ስለ መፍረድ

ሰው ያላወቀውን ነገር ባየ ጊዜ መጠየቁ የአስተዋይነት ምልክት ነው፤ ሳይመረምር መፍረዱ ግን የስንፍና ምልክት ነው። ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ይኸውም ጥያቄ መስሎ የሚወጣ ፍርድ ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አዲስ ዓይነት ሥዕል በታየ ቍጥር የምንሰማው «ይህ ደግሞ ምንን ይመስላል?» የሚለው ቃል ከዚህ ወገን ነው። ጠያቂው መልስ አይጠብቅም፤ ጠይቆ ሲያበቃ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ እኔም ከፈራጆቹ አንዱ ነበርሁና።

በተወለድሁባት በገበዝ ማርያም፥ በምዕራብ ጎጃም፥ አዲስ አበባ ወርዶ ሥዕል የሚማር አንድ የዘመድ ልጅ አለኝ። ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ከአናጢ ደጅ የተጣለ የዋንዛ፥ የግራርና የጽድ ሳንቃ ቍርጥራጭ ለቅሞ በእናቱ ጓሮ ሥራ ጀመረ። ከገበያ አንዲት ጠብታ ቀለም አልገዛም። የመቅመቆ ሥር ቀቀለ፤ ከምድጃ ጥላሸት ጠረገ፤ የዛገ ምስማር በቆመጠጠ ጠላ ውስጥ ዘፈዘፈ። ይህ የምስማር ውኃ በግራሩ ላይ ሲቀባ ሳንቃው እንደ ከሰል ጠቆረ፤ በሌላው ሳንቃ ላይ ግን ግራጫ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱን ስጠይቀው፥ «ጋሼ፥ ፋቂው ቆዳውን የሚያለፋበት ነገር በግራር ውስጥ ብዙ ነው፤ ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚጠቁረው እርሱ ነው» አለኝ። እኔ በዚያ አገር አድጌ ይህን አላውቅም ነበር።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሳንቆቹን በመሬት ላይ ደርድሮ ብዙ ቀን ያያቸው ጀመር። አንዱን ያነሣል፥ አንዱን ይገለብጣል፥ ወደ በሩ ሄዶ ከሩቅ ይመለከታል። በመጨረሻ ከሁሉ ያማረውን፥ ልቡ ቀይ የሆነውን የጽድ ሳንቃ አወጣና ከግድግዳው አስጠጋው። «እንዴት ዋናውን ትጥላለህ?» ብለው «ብቻውን ይጮኻል፤ ሌሎቹን አያሰማም» ሲል መለሰልኝ። ከዚያም የቀሩትን ዘጠኙን ገጥሞ በንብ ሰም አሻቸው። ሰው የለበትም፤ ቤት የለበትም፤ እንስሳም የለበትም።

ይህ ሥራ በአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ይሰቀል ዘንድ ቀረበ። ጌጡን የምንመርጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የስብሰባው መሪ ልጁን አስጠርተው «ምንን ይመስላል?» አሉት። «ጌታዬ፥ ራሱን ነው እንጂ ሌላ አይመስልም» ቢል ተሳቀበት። እኔ በጓሮው ውስጥ ያየሁትን ሁሉ እያወቅሁ አንዲት ቃል አልተናገርሁም። በምትኩ ከሱቅ የተገዛ፥ በረዶ የለበሰ የባዕድ አገር ተራራ የታተመበት ሥዕል ተሰቀለ። ማንኛችንም በዓይናችን ያላየነውን አገር «ይመስላል» ብለን ተቀበልን፤ ከደጃችን የበቀለውን ዋንዛ ግን «አይመስልም» ብለን መለስን። ልጁም ትምህርቱን ትቶ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ቤተ ሰቡ ይመክረው ጀመር።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። «መልክ የሌለው ሥዕል የፈረንጅ ነው» ለሚሉት የምመልሰው በራሳችን ቋንቋ ነው። ሸማኔ በቀሚስና በነጠላ ጫፍ ላይ በቀለም ድር የሚሠራውን ጌጥ ምን ብለን እንጠራዋለን? «ጥበብ» እንለዋለን። ታላቁን ዕውቀት የምንጠራበት ስም ለዚያ ጌጥ ተሰጥቶታል። ያ ጥበብ ምንን ይመስላል? የእናቶቻችን መሶብስ ምንን ይመስላል? በብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚሳለው ሐረግ፥ በመስቀል ላይ የሚጠላለፈው ቅርጽ ምንን ይመስላል? እናት መሶቧን ስትሰፋ አጠገቧ ቆሞ «ይህ በሬ ነው ወይስ ፈረስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ጤንነቱን በተጠራጠርን ነበር።

ይህ በዘመናዊው ሥዕል ታሪካችንም የተመሰከረ ነው። በ1924 ዓ.ም. በሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የብራና ጸሓፊው የአለቃ ደስታ ልጅ ነበር። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፥ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። መልክ የሌለውን ሥዕል ባሳየ ጊዜ «ይህ የእኛ አይደለም» የሚል ወቀሳ ደርሶበታል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ከሞተ በኋላ ማለት ነው። ዘሪሁን የትምጌታም የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጎን ለጎን ገጥሞ፥ ከክታብ የወረሰውን ቅርጽ እየሳለበት በዓለም ታወቀ። ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ግን ከባድ ስለ ሆነ በቀላሉ አላልፈውም። «መልክ ካልተጠየቀ ሰነፉም ቀለም አፍስሶ ሠዓሊ ነኝ ይላል» ይባላል። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰነፍ አለ። ነገር ግን ሰነፍ ሠዓሊ መልክ ባለው ሥዕልም ውስጥ ይደበቃል፤ አንዱን አንበሳ ሺህ ጊዜ እየገለበጠ ሲሸጥ ማንም አልጠየቀውም። ሰነፉን ከትጉው የሚለየው መልክ ሳይሆን ምርመራ ነው፤ እንጨቱን ዐወቀውን? ቀለሙን ፈተነውን? ለምን ይህን ከዚያ አጠገብ አኖረ? ምንንስ ጣለ? ከሥራው ያማረውን ክፍል ስለ መላው ብሎ የሚያወጣ ልጅ ሰነፍ ሊባል አይችልም። እኛ በየዕለቱ የምንጽፈውን ደብዳቤ እንኳ እንዲህ ብናርመው በወደድሁ።

የነገሩ ሥር ግን ከዚህ የጠለቀ ይመስለኛል። ልጁ የተሳቀበት እጁ በጥላሸትና በዝገት ስለ ጠቆረ ጭምር ነው። ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩን፥ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን እየናቅን በሠሩት ስንለብስ፥ ስናርስና ስንበላ የኖርን ሰዎች ነን። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ በአፍ ቢቀንስ በልብ ግን አልወጣም። ዛሬ ክራባት አስሮ በስብሰባ ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ሹማምንት ለአዳራሻቸው ጌጥ በሚገዙበት ጊዜ፥ ሠሪውን አስጠርተው «እንዴት ሠራኸው?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይስሙት። መምህራን ለተማሪው የአንበሳ ሥዕል አስገልብጠው ከመተው ይልቅ አንድ የዋንዛ ሳንቃ ያስይዙት፤ መስመሩንና ጉጡን አይቶ ይናገር። ተማሪዎችም ሲሳቅባቸው ሥራቸውን አይጣሉ፤ ከሥራቸው መጣል የሚገባውን ግን ራሳቸው ይጣሉ።

«ገበዝ» ማለት የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ጠባቂ ማለት ነው። በዚያ ስም በተጠራች አገር ተወልጄ በዚያች ቀን ሊጠበቅ የሚገባውን አልጠበቅሁም። ዘጠኙ ሳንቃ ዛሬ በእናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔም በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና እንዲቀርብ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ፤ በዚህ ጊዜ ዝም አልልም።