ላም አለኝ በሰማይ፣ ፊዚክስ አለኝ በኢንተርኔት

«ኢንተርኔት ላይ እኮ ሁሉም ነገር በነጻ አለ!» ይህችን አባባል የማይወዳት ባለሥልጣንም ሆነ የአዲስ አበባ ልጅ አላጋጠመኝም። እኔ ግን ሰልችታኛለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት አባቶቻችን ኢንተርኔትን ሳያዩት ነው የገለጹት።

እስቲ ሒሳቡን እናስላ። ቪዲዮው ነጻ ነው፤ ዳታው ግን ነጻ አይደለም። የጉደር ወይም የጊንጪ የፊዚክስ መምህር አንድ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ለክፍሉ ለማሳየት ከደመወዙ ካርድ ይሞላል፣ ሌሊት ተነስቶ ያወርዳል፣ ጠዋት መብራት እንዳይጠፋ ይጸልያል። ከዚያ ክፍሉን የሞላው ተማሪ በአንዲት ስልክ ዙሪያ ይጋፋል። ታዲያ ነጻ የሆነው ለማን ነው? ለትምህርት ቢሮው ነዋ! ወጪውን መምህሩ ሸፍኖለታል።

«ፕላዝማን አይተናል፣ ይቅርብን» የሚሉ መምህራን አሉ። አልፈርድባቸውም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት በእንግሊዝኛ ይለቀቅ ነበር። የኦሮሚያ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ሲገባ፣ የማይቆም፣ የማይደግም፣ የማይጠየቅ አስተማሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጠበቀው። ለመምህሩ የተረፉለት የመግቢያና የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው።

ግን ወዳጆቼ፣ የፕላዝማ ጥፋቱ ምስል መሆኑ አይደለም። ጥፋቱ ማቆሚያውን ከመምህሩ እጅ መንጠቁ ነው። የወረደ ቪዲዮ ተቃራኒው ነው። መምህሩ መሐል ላይ ያቆመዋል፣ ይመልሰዋል፣ ሲያሻው ድምፁን ዘግቶ ራሱ በአፋን ኦሮሞ ያብራራዋል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸውን «ፌት» የተባሉ የሳይንስ ማሳያዎች ውሰዱ። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል እያገናኘህ ጅረቱ ሲፈስ ታያለህ። አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ቤተ ሙከራው ባዶ ለሆነ ትምህርት ቤት ይህ ቅንጦት አይደለም።

«ስልክ ልጆቹን ያበላሻል» ለሚሉትም መልስ አለኝ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ መጽሐፍ አልዳረስ ብሎ ተማሪው መጽሐፉን በፒዲኤፍ፣ በቴሌግራም ሲቀባበል አልነበረም እንዴ? ለመጽሐፍ እጥረት ስልክ ይፈቀዳል፣ ለማስተማር ግን ይከለከላል?

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሰማይ ላይ ያለችውን ላም እንዴት ወደ ግቢያችን እናምጣት? መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ተዘጉና ቤት ሆናችሁ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ተማሩ ተባለ። ሰኔ 22 የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቆርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በስልክ ተማሩ ያለው መንግሥት ስልኩን ዘጋው። ስለዚህ ትምህርታችንን በአንድ ቁልፍ በሚጠፋ ነገር ላይ ማንጠልጠል ሞኝነት ነው።

መፍትሔው ደግሞ ሮኬት ማምጠቅ አይጠይቅም። «ኪዊክስ» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። «ኮሊብሪ» የሚባለው ደግሞ የካን አካዳሚን ቪዲዮዎችና ሌሎችንም በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ፣ በግቢው ዋይፋይ ለተማሪው ያዳርሳል። አንድ ጊዜ ማውረድ፣ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ማዳረስ። በቃ።

ማን ያውርደው? አምቦ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። በሃጫሉ ስም የሚጠራ ካምፓስም አለው። ከዚያው ተነስቶ ለጉደር፣ ለጊንጪ፣ ለገዶና ለባኮ ትምህርት ቤቶች ሃርድ ዲስክ ሞልቶ ማዳረስ የማኅበረሰብ አገልግሎት ካልሆነ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ምንድን ነው? ወረዳዎቹስ ለስብሰባ ውኃና አበል ከሚያወጡት ላይ ለመምህሩ የዳታ ወጪ ቢቆርጡ ማን ይጎዳል?

ቪዲዮ ብቻውን ተአምር አይሠራም። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ማለፊያውን ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ የ2015ቱ ደግሞ 3.2። ያን ጉድ ያመጣው የቪዲዮ እጥረት ብቻ አይደለም። ግን ተማሪው በፈተናው እንዲህ እየወደቀ፣ በነጻ የተቀመጠ ዕውቀት የሚያወርድለት አጥቶ መቅረቱ ያሳፍራል።

ስለዚህ ከእንግዲህ «ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ» የሚል ባለሥልጣን ሲገጥማችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «ጥሩ፤ ጊንጪ ያለው መምህር ጋ ያደረሱት መቼ ነው?»