ሙቀቱ የማይሰማው ሰውም ይቀመጥበታል

የተቀመጠበትን ሰው የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ወንበር ጥሩ ሐሳብ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች የሠሩት ወንበር ለማሞቅ ቢበዛ 14 ዋት፣ ለማቀዝቀዝ ደግሞ ከ4 ዋት በታች ነው የሚፈልገው። ክፍሉን በሙሉ ከማሞቅ ሰውየውን ማሞቅ ይረክሳል።

ግን ልብ ይበሉ! እንዲህ ያለ ወንበር ሲሠራ "ሰውየው ሲሞቀው ያጠፋዋል" ተብሎ ይታሰባል። በስኳር ሕመም ነርቩ የተጎዳ ወይም በኅብለ ሰረሰር ጉዳት ከወገቡ በታች የደነዘዘ ሰው ግን ሙቀቱ አይሰማውም። ቆዳ 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ6 ሰዓት ያህል ከቆየ ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ከጨመረ ሰዓቱ በጣም ያጥራል። በመኪና ወንበር ማሞቂያ ክፉኛ የተቃጠሉ እንዲህ ያሉ ታካሚዎች አሉ። ሕፃን ልጅም "አቃጠለኝ" ብሎ አይነግርዎትም።

በእኔ እምነት የሙቀት ገደብ የሌለውና በራሱ የማይጠፋ ወንበር ለገበያ መቅረብ የለበትም። እስከዚያው፦

✔ የስሜት መደንዘዝ ካለብዎ የወንበሩን ማሞቂያ አይክፈቱ፤ ልብስ ይደርቡ።
✔ ሕፃን በተቀመጠበት ወንበር ላይ አይክፈቱት።
✔ ሌሎቻችሁም ዝቅተኛውን ተጠቅማችሁ፣ ሰውነታችሁ እንደሞቀ አጥፉት።
✔ ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ቀላ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ከታየ ማሞቂያውን አቁመው ሐኪም ያማክሩ።

ስኳር ላለባቸው ወዳጆችዎ ያጋሩ።