የምርጫ ክልልን ወሰን ማን ያስምረው?

በደብተራችሁ ላይ 15 መራጮችን በነጥብ ሣሉ፤ 9ኙ የ«ሀ»፣ 6ቱ የ«ለ» ፓርቲ ደጋፊዎች ይሁኑ። አምስት አምስት እያደረጋችሁም በ3 የምርጫ ክልሎች መድቧቸው። ወሰን አስማሪው 5 የ«ሀ» ደጋፊዎችን በአንድ ክልል አጭቆ፣ የቀሩትን 4 ሁለት ሁለት አድርጎ በሌሎቹ ክልሎች ቢበትናቸው፣ ስድስቱ ዘጠኙን 2 ለ1 ይረታሉ። አንድም ኮሮጆ አልተነካም፤ ቆጠራውም ስሕተት የለበትም።

ይህ በአሜሪካ በእውን የሚሠራበት ዘዴ ነው። የምርጫ ክልሎች ወሰን በየ10 ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ ይከለሳል፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ከላሹ ሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ማለትም የነገው ተወዳዳሪ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዊስኮንሲን ዴሞክራቶች ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው ሳለ ከ99 የግዛቱ ምክር ቤት መቀመጫዎች የደረሷቸው 36 ብቻ ነበሩ። በሜሪላንድ ደግሞ ተጎጂዎቹ ሪፐብሊካኖች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2019 ጉዳዩ በፌዴራል ዳኞች የሚታይ አይደለም ሲል ወሰነ።

በእኔ አስተያየት እርሳሱ፣ ሚሺጋን እንዳደረገችው፣ ለዜጎች ኮሚሽን መሰጠት ይገባዋል። እርግጥ «ተቀናቃኜ ሳይተው እኔ ብቻዬን ለምን?» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ በ2025 ቴክሳስ ወሰኗን ከጊዜው በፊት ስትለውጥ፣ ካሊፎርኒያም በመራጮቿ ይሁንታ የኮሚሽኗን ካርታ ለጊዜው ወደ ጎን ትታ አጸፋውን መልሳለች። ሆኖም በሁለቱም ዘንድ ዋጋውን የሚከፍለው በአናሳው ወገን በኩል የተገኘው መራጭ ነው።