ድልድዩ የሚያውቀው ታርጋውን ነው

የዛሬው ደብዳቤ ከሲያትል ነው የመጣው። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። አሳጥረን እናቅርበው።

«አሜሪካ ያስመጣኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የምኖረውም እሱ ቤት ነው። ‹እንግሊዝኛ ልማር ነው› እያልኩ መኪናውን እወስድና ሐይቁን ተሻግሬ ከርክላንድ ወደምትኖር ጓደኛዬ እሄዳለሁ። ድልድዩ ላይ የሚያስቆም ሰው ስለሌለ በነጻ መስሎኝ ነበር። በኋላ በወንድሜ ስም ፖስታ ይጎርፍ ጀመር። እየሰበሰብኩ ፍራሼ ሥር ደበቅኩት። አሁን ቅጣት መጣ። ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? ጨነቀኝ ነኝ።»

ወንድማችን ጨነቀኝ፣ ፍራሽህ ሥር ድልድይ አንጥፈህ እንዴት እንቅልፍ ይውሰድህ!

ለሌሎች አንባቢዎቻችን ነገሩን እናስረዳ። ይህ 520 የሚባለው የዋሽንግተን ሐይቅ ድልድይ የሚንሳፈፍ ነው። ሐይቁ ጥልቅ፣ ወለሉም ለስላሳ ደለል ስለሆነ ምሰሶ መትከል አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መንገዱ ውስጣቸው ባዶ በሆኑ 77 ትላልቅ የኮንክሪት ሳጥኖች ላይ ተንሳፎ በገመድ ከሐይቁ ወለል ጋር ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ይኸው ድልድይ ተንሳፋፊ ክፍሉ ብቻ 2,350 ሜትር ያህል ነው። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ በአሮጌው ድልድይ ላይ የጀመረ ነው። እኛ ወደ አዳማ ስንሄድ ካርድ ተቀብለን መውጫው ላይ እንደምንከፍለው አይደለም። ካሜራ ታርጋውን ያነሳል፣ ሂሳቡ በፖስታ ለባለመኪናው ይላካል። ማን እንደነዳ አይጠይቅም።

በጊዜው ካልተከፈለ 5 ዶላር ይጨመራል። 80 ቀን ካለፈ ደግሞ ለእያንዳንዷ መሻገሪያ 40 ዶላር ቅጣት ይመጣል። ዝም ብትል ወንድምህ የመኪናውን ምዝገባ፣ እኛ ቦሎ የምንለውን፣ ሊያሳድስ ሲሄድ ይከለከላል። ያን ቀን ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ውሸቱም አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ምክራችን ይኸውና። ፖስታዎቹን በቀን በቀናቸው ደርድርና በዚህ ሳምንት ራስህ ንገረው። ቅጣቱን ተከራክሮ ለማስቀነስ መጠየቅ የሚችለው ወረቀቱ የተጻፈበት ሰው ነው፤ ከእሱ ደብቀህ የምታስተካክለው ነገር የለም። ቅጣት ያልደረሰባቸውን ቶሎ ክፈሉ። ከደሞዝህ በየወሩ ስንት እንደምትመልስ ቁጥሩን ይዘህ ግባ፤ ባዶ ይቅርታ አታቅርብ። የእንግሊዝኛውን ትምህርት ነገርም ሳትደብቅ ተናገር። ጋሼ ይቆጣል፣ መቆጣትም አለበት። አትመልስለት፣ ስማው።

ልጅቷን ግን ሰበብ አታድርጋት። እሷ ና አለችህ እንጂ የወንድምህን ፖስታ ደብቅ አላለችህም።

ከዚያ በኋላ መኪናውን ከፈቀደልህ በስተደቡብ ያለው የአይ-90 ድልድይ አለልህ። እሱም ይንሳፈፋል፣ ግን አያስከፍልም፤ ለከርክላንድ ትንሽ ዞር ያደርግሃል እንጂ። ካልፈቀደልህ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ባቡር ጣቢያ 255 ቁጥር አውቶቡስ በዚያው በ520 አሻግሮ ከርክላንድ ያደርስሃል። በአውቶቡስ የሚመጣ ፍቅረኛ የምትንቅ ከሆነች ያን በጊዜ ማወቁም ይጠቅምሃል።

ወንድምህ ምን እንዳለህ ጻፍልን።