«ምን አለሽ?»፦ ፋብሪካዎቻችን የማይጠያየቁት ጥያቄ

መርካቶ ውስጥ ስሙ ራሱ ጥያቄ የሆነ ሰፈር አለ፤ ምናለሽ ተራ። «ምን አለሽ?» ያለሽን አምጪ፣ ፈላጊው አይጠፋም ነው ነገሩ። የተጣለ በርሜል እዚያ ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ፣ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳህን የሚሰጠው «ልዋጭ!» ባይ፣ ሁሉም የዚህ ዓይነቱ ገበያ እግሮች ናቸው።

አሁን ደግሞ «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» የሚባል ነገር በየስብሰባው እንደ አዲስ ግኝት ይወራል። በአጭሩ ለአንዱ ድርጅት ትርፍ ወይም ቆሻሻ የሆነውን ለሌላው ጥሬ ዕቃ ማድረግ ማለት ነው። ይሄንን እኮ ሰፈራችን ድሮ ያውቀዋል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከቤታችን አሮጌ ብረት ድስት እንኳን ፈላጊ ካለው፣ ከፋብሪካ የሚወጣው ብዙ ዕቃ ለምን ፈላጊ አጥቶ ይጣላል?

ሁሉም ይጣላል ማለት አይደለም። ዱቄት ፋብሪካ ፍሩሽካውን አይጥልም፤ ዘይት ጨማቂም ፋጉሎውን አይጥልም። ከብት አደላቢውና ወተት አምራቹ ተሰልፈው ይገዙታል። የእንጨት ቤት ሰጋቱራ ዶሮ ቤት ውስጥ ይነጠፋል። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል አምርተው ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል አይተናል።

እነዚህን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ስም አላቸው። ፍሩሽካ፣ ፋጉሎ፣ ሰጋቱራ ስትሉ ሁሉም ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። የታወቀ ዋጋ አላቸው። በየጊዜውም ይገኛሉ። ስም የሌለው ተረፈ ምርት ግን ገበያም የለውም። የጋርመንት ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የማተሚያ ቤት የወረቀት ጠርዝ፣ ሳይት ላይ የተረፈ ሴራሚክ፣ ዕቃ የመጣበት ፓሌት፤ ዛሬ ብዙ ነው፣ ነገ የለም። ያለው ሰው ማን እንደሚፈልገው አያውቅም፤ የሚፈልገውም ማን ጋ እንዳለ አያውቅም። መጨረሻው ቆሻሻ መኪና ነው።

የቆሻሻ መኪና መጨረሻ ደግሞ የት እንደሆነ እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ። ግን ማቃጠል የመጨረሻው አማራጭ ነው መሆን ያለበት። ቦርሳ ሊሆን የሚችል ጨርቅ አመድ ሲሆን፣ የአንድ ልብስ ሰፊ ወይም የአንድ ቦርሳ ሠሪ እንጀራም አብሮ ይቃጠላል።

«ታዲያ አንድ አፕ ይሠራና ያልቅ!» የሚል ኮሜንት ከወዲሁ ይታየኛል። መረጃ ማገናኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ የቴሌግራም ቻናልም ሊጀምረው ይችላል። ነገር ግን አፕ ብቻውን የማይፈታቸው ሦስት ቋጠሮዎች አሉ።

አንደኛው ደረሰኝ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ያለ ደረሰኝ ዕቃ ማውጣት አይችልም፤ ቆራሌው ደግሞ ደረሰኝ የለውም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነማ ጨረታ ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ዓመታት ሙሉ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው የከረሙ ወንበሮችና መኪኖች ያላየ አለ? ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ጥሬ ዕቃው ከቀረጥ ነፃ ስለሚገባ፣ ቁርጥራጩን ወደ አገር ውስጥ ገበያ ማውጣት የጉምሩክ ጉዳይ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ከዚህ ሁሉ ጣጣ መጣሉን ይመርጣል።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ሳይጣራ ከተሸጠ፣ ነገ የአንድ ቤት የውኃ መቅጃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዕቃው ከየት እንደመጣና ምን እንደነበረበት የሚናገር፣ ኃላፊነትም የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ መጣል ርካሽ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ የጽዳት ክፍያ ለዓመታት ከውኃ ቢል ጋር ተያይዞ ሲከፈል ቆይቷል። ስሌቱን አስቡት፦ ብዙ ውኃ የሚጠቀም ብዙ ይከፍል ነበር፤ ውኃ ሳይነካ ክምር ደረቅ ቆሻሻ የሚያወጣ ድርጅት ግን ትንሽ ይከፍል ነበር። እንዲህ ከሆነ ማን ደክሞ ገዢ ይፈልጋል?

እንግሊዝ ይሄን ቋጠሮ የፈታችበት መንገድ ልብ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 መሬት ውስጥ በሚቀበር ቆሻሻ ላይ ታክስ ጣለች፤ ለተለመደው ቆሻሻ በቶን 7 ፓውንድ ነበር። እያደገ ሄዶ በ2014 80 ፓውንድ ደረሰ። በ2005 ደግሞ ከዚሁ ታክስ በተገኘ ገንዘብ ድርጅቶችን የሚያገናኝ አገር አቀፍ ፕሮግራም ጀመረች። አሠራሩ ምን መሰላችሁ? ድርጅቶች አንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ «ያለኝ» እና «የምፈልገው» ብሎ ይጽፋል፤ ባለሙያዎች ደግሞ ያገናኟቸዋል፣ ውሉ እስኪያልቅም ይከታተላሉ። በቃ፣ «ምን አለሽ?» ነው። ልዩነቱ መጣል ውድ ሆኗል፤ አገናኙም ደመወዝ አለው።

እኛ ጋ ሲሆን ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካይሮ ውስጥ «ዘባሊን» የሚባሉ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ለአሥርት ዓመታት የከተማዋን ቆሻሻ እየለዩ ሲሸጡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ ግን ሥራው በውል ለትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ተሰጠ። ዘባሊኖቹ ከእንጀራቸው ተገፉ፤ ኩባንያዎቹም እንደ እነሱ ለይተው መልሰው መጠቀም አልቻሉም። ዘመናዊ ሥርዓት ሲመጣ መጀመሪያ የሚረሳው ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። መከልከሉ አንድ ነገር ነው። ቀጣዩ እርምጃ ግን ማገናኘት መሆን አለበት፦ ለትንንሽ ሰብሳቢዎች ቀላል ደረሰኝ፣ በማኅበር ሲደራጁ ፋብሪካ በር ድረስ ገብተው እንዲገዙ የሚያስችል ፈቃድ፣ በቆሻሻ መጠን የሚሰላ ክፍያ፣ ለቁርጥራጭና ለተረፈ ምርት ግልጽ የጉምሩክ መመሪያ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት ቆራሌውን እንደ ነጋዴ መቁጠርን ነው።

እስከዚያው ስልካችሁ ላይ መጀመር ትችላላችሁ። የምትሠሩበት ድርጅት ውስጥ በየሳምንቱ ምን ይጣላል? ስሙን፣ መጠኑን፣ ሰፈሩን ኮሜንት ላይ ጻፉት፤ ግን አለቃችሁን አስፈቅዳችሁ። ምን አላችሁ?