ጭሰኛውን ያፈናቀለው ትራክተሩ ብቻ አልነበረም

«ማሽን ሥራችንን ሊቀማን ነው» የሚለው ስጋት ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አርሲ ላይ ግን ይህ ነገር ከሃምሳ ዓመት በፊት ደርሷል። መጨረሻውም ይታወቃል።

በ1960 ዓ.ም. ገደማ፣ ካዱ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በጭላሎ አውራጃ ሥራ ጀመረ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር መርዳት ነበር። ምርት አደገ። ስንዴ አትራፊ መሆኑን ሲያዩ ግን ባለመሬቶቹ ሌላ ሒሳብ ሠሩ። ጭሰኛ አርሶ ከሚያካፍላቸው ይልቅ ራሳቸው በትራክተር ቢያርሱት ምርቱን ሙሉ በሙሉ ያገኛሉ። መንግሥትም ለእርሻ መሣሪያውና ለነዳጁ የቀረጥ እፎይታ ሰጥቷቸዋል። ጭሰኛው የጽሑፍ ውል የለው፣ ካሳ የለው፤ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

የጭሰኞችን ጉዳይ ሥርዓት የሚያስይዝ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። ፓርላማው ውስጥ የተቀመጡት በአብዛኛው ራሳቸው ባለመሬቶች ነበሩና ሳይጸድቅ ቀረ። ፓርላማው ሊፈታው ያልፈለገውን ጥያቄ አብዮቱ በራሱ መንገድ ፈታው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ።

አሁን ያንኑ አርሲን በመኸር አጨዳ ወቅት ይመልከቱት። ስንዴውን የሚያጭደውም የሚወቃውም ኮምባይነር ነው። ገበሬው ማሽኑን ሲረግም አይሰማም። እንዲያውም ዝናብ ሳይቀድመው ምርቱን ለማስገባት ተራ ይዞ፣ ከደላላ ጋር ተከራክሮ ይከራየዋል። ስንዴው ያው ነው፣ አገሩም ያው ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ከትራክተሩ የበለጠ የሰው ጉልበት ያስቀራል። ታዲያ ያኔ መዓት የሆነው ዛሬ እንዴት እፎይታ ሆነ?

መልሱ ትርፉ የማን ነው የሚለው ላይ ነው። ያኔ ማሽኑ ያስገኘው ጥቅም ለባለመሬቱ፣ ጉዳቱ ለጭሰኛው ሆነ። ዛሬ ገበሬው መሬቱን መሸጥ ባይችልም የማረስ መብቱ የራሱ ስለሆነ፣ ማሽኑ ያተረፈለት ኩንታል ወደ ራሱ ጎተራ ይገባል። ይህ ሲባል በኮምባይነሩ የተጎዳ የለም ማለት አይደለም። በአጨዳና በውቂያ የቀን ሥራ ያገኝ የነበረው መሬት አልባ ወጣት እንጀራውን አጥቷል። የእሱ ዕጣም የሚያሳየው ያንኑ ነው፦ ድርሻ የሌለው ሰው ማሽን በመጣ ቁጥር ከሳሪ ነው።

ጥያቄው ዛሬ ከተማ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮቹም የሞባይል አገልግሎት ሲስፋፋ፣ ገንዘብ ለመላክ ወረፋ መያዝ እየቀረ ነው። ወደዚያ ወረፋ እንመለስ የሚል ሰው አይኖርም። ነገር ግን የባንክ መስኮት በየዓመቱ ለስንት የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ምሩቅ የመጀመሪያ ሥራ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሠራተኛ በማባረር ሳይሆን አዲስ ባለመቅጠር ነው። ያልተቀጠረ ሰው ደግሞ አቤት የሚልበት ቦታ የለውም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ቴክኖሎጂን ለሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት አድርጎ ያውቀዋል፤ ቅነሳው በምክክርና በማስጠንቀቂያ እንዲሆንም ያዛል። መልካም ነው። ሕጉ የሚደርሰው ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ ላለው ሰው ነው። የቀን ሠራተኛውም ምሩቁም ከዚያ ውጭ ናቸው። ለሥራ አጥ የሚከፍል መድንም አገሪቱ የላትም።

ሀብታም አገሮች ውስጥ ለዜጋ ሁሉ ወርኃዊ ገንዘብ ይከፈል የሚል ክርክር አለ። የኢትዮጵያ በጀት ይህን አይችልም። የሚቻሉ ነገሮች ግን አሉ። ከደመወዝ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ለጡረታ እየተሰበሰበ ነው። አሰባሰቡ ካለ፣ በጥቂቱ መዋጮ የሥራ አጥነት መድን መጀመር ይቻላል።

ሁለተኛው ከጭላሎው የቀረጥ እፎይታ ጋር ይመሳሰላል። ዛሬም ሰው የሚቀጥር ድርጅት በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ማሽን የሚያስገባ ባለሀብት ግን ከቀረጥ ነፃ መብት ያገኛል። ማበረታቻው ይቅር ማለት አይደለም። በሰው ምትክ የሚተከል ማሽን ከቀረጥ ነፃ ሲገባ፣ የሚተካቸውን ሠራተኞች አስቀድሞ የማሠልጠን ወይም ወደ ሌላ ሥራ የማዛወር ግዴታ ይዞ ይግባ። ከትርፉም ለነባር ሠራተኞች በአክሲዮን የሚከፈልበት መንገድ ይከፈት፤ አገሪቱ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአክሲዮን ገበያ አላት።

«እኛ ገና በበሬ እያረስን ስለ ማሽን ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። በ1960 ዓ.ም.ም አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው በበሬ ነበር። ካዱ ሥራ ከጀመረበት እስከ የካቲት 1967 ድረስ ያለፈው ጊዜ ግን ከሰባት ዓመት ብዙም አይበልጥም።