ለመስቀል በዓል የሚሆን የእሸት በቆሎ ዳቦ

የቤት እመቤት በበዓል ቀን ከምድጃ ሳትለይ ውላ፥ ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ብቻዋን መቅመሷ የሚያሳዝን ልማድ ነው። ስለዚህ በጥቂት ድካም የሚጋገር አንድ ምግብ እናመለክታለን።

የሰቆጣና የዋግ ደጋ የገብስ አገር ነው፤ ሙቀት የሚወደው በቆሎ ግን ወደ ተከዜ ከሚያዘቀዝቀው ቆላ ይመጣል። አባቶቻችን የባሕር ማሽላ ያሉት ይህ እህል ትውልዱ ከአሜሪካ ነው።

8 ራስ እሸት በቆሎ በዋዜማው ተፈልፍሎ ይደር። በማለዳ ተወቅጦ 3 እንቁላል፥ 1 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፥ ግማሽ ብርጭቆ ወተት፥ 3 ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፥ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ተጨምሮበት በደንብ ይመታ። ቅቤ በተቀባ ብረት ድስት ገልብጦ መክደን፤ ከታች ጥቂት ፍም፥ ከክዳኑ በላይ ግን በርከት ያለ ፍም ማድረግ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢላዋ ቢሰኩበት ደርቆ ከወጣ በስሏል። መስቀል ረቡዕ ወይም ዓርብ የዋለ እንደሆነ እንቁላሉ፥ ወተቱና ቅቤው ቀርተው፥ ዱቄቱ እጥፍ ሆኖ በውሃና በኑግ ዘይት ይሠራል።

ይህ ዳቦ ሲበስል አጠገቡ ቆሞ የሚጠብቅ አያሻውም። እንግዲህ ጌታው ዳቦውን ሲቆርስ እመቤቲቱም ከጎኑ ትቀመጥ፤ በዓል ደስ የሚያሰኘው ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ማዕድ ሲገኝ ነውና።